አንድ ፊርማ የጎደለው ተቃውሞ

ኦዴሳ ቡክማን ድምፅ ማጉያው ፊት ስትቆም፣ ከእሷ በፊት የቆመው የምክር ቤት አባል ገና ወንበሩ ጋ አልደረሰም። እሱም እንዳይናገር ተከልክሎ ነው የሚመለሰው። ተራ በተራ የወጡት አባላት ሁሉ የፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ውጤት እንዳይጸድቅ ይቃወማሉ፣ የሁሉም ወረቀት ላይ ግን የአንድ ሴናተር ፊርማ ይጎድላል። ፊርማው ከሌለ ክርክር የለም፣ ንግግርም የለም። ይሄ ሁሉ ሴናተር በተኮለኮለበት አዳራሽ እስክሪብቶ የሚያነሳ አንድ ሰው ጠፋ።

ለእሷ እንኳ ቃል የገባላት ነበር። ሴናተር ራንስዴል፣ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ቤተ ክርስቲያናቸው መጥቶ ከአባቷ ጎን የሚዘምረው፣ የእናቷን አሳ ጥብስ ጣቱን እየላሰ የሚበላው። ትናንት በስልክ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ጠዋት እፈርማለሁ" ብሏት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አሁን ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የጫማውን ጫፍ ያያል።

አባቷ ዲያቆን ክሊዮፈስ ከላይ፣ የተመልካቾች ሰገነት ላይ ናቸው። የእሁድ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። በምርጫው ቀን ይሄንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሄደው፣ ስምዎ መምረጥ ከተከለከለ ወንጀለኛ ስም ጋር ስለሚመሳሰል ከመራጮች መዝገብ ተሰርዘዋል ተብለው ተመለሱ። በዕድሜያቸው የእስር ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም። ዛሬ ሲመጡ የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ስሜን ጥሪልኝ ልጄ። ሌላው ይቅር።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። "የተከበሩ እንደራሴ፣ ተቃውሞዎ ላይ ሴናተር ፈርሞበታል?"

ኦዴሳ ወደ ራንስዴል ትዞራለች። ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። እሱ ጎንበስ ብሎ ጎረቤቱን የሆነ ነገር ይጠይቃል።

"የእኔ ፊርማ አለበት ጌታዬ" ትላለች። "የሴናተር የለበትም።"

ከወዲያኛው ወገን አንዱ ተቀመጪ ይላታል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ሰብሳቢው ተቃውሞው ተቀባይነት እንደሌለው ይነግሯታል።

"በግፍ ከተሰረዙት መካከል አንዱ..." ስትል መዶሻው ይመታል። ማጉያው ይዘጋል። ስሙን ግን ትጠራዋለች፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጠራዋለች፣ በጫጫታው መሀል ለራሷም አይሰማትም። እንዲህ ተዋርዳ አታውቅም። ማልቀስ ያምራታል፣ እነሱ ፊት ግን አታለቅስም።

ቀና ትላለች። አባቷ መዳፋቸውን ከደከመው ጆሯቸው ኋላ ደግነው ወደ ፊት ተንጠራርተዋል። ከዚያ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው፣ ወደማያውቋት ሴት ዘንበል ብለው ይጠይቋታል። ምን እንደሚጠይቁ ኦዴሳ ታውቃለች።

ሴትየዋ ወደ ታች፣ ወደ ኦዴሳ ታያለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ አዎ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች።

አባቷ ቀስ ብለው ወንበሩን ይደገፋሉ፣ የባርኔጣቸውንም ጠርዝ በመዳፋቸው ያቃናሉ።