ከኋላዋ የሚሮጠው ቦርጫም

የሩጫ ማኅበሩ አንድ ደግ ሕግ አለው፤ የመጨረሻው ሯጭ እስኪገባ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሁሉም ግራና ቀኝ ተሰልፎ ያጨበጭባል። ሕጉን ያወጡት መጨረሻ ወጥተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ፋርማሲስቷ ያንን ጭብጨባ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ቀምሳዋለች። በሠርጓ ቀን እንኳ እንዲያ አልተጨበጨበላትም። የማኅበሩ ሊቀመንበር እጇን ጨብጦ «ዋናው ተሳትፎው ነው» ሲላት ጫማዋን አውልቃ ልትወረውርበት ምንም አልቀራት። ጫማው ውድ ስለሆነ ተወችው።

ሌላም ሕግ አለ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መጨረሻ የወጣ ሰው ወደ እርምጃ ቡድን ይዛወራል። የእርምጃ ቡድኑ መሪ ደግሞ አማቷ ናቸው። ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ እኩዮቻቸውን አስከትለው፣ ስለ ጉልበት ሕመም እያወሩ ሜዳውን ይዞሩታል። ፋርማሲስቷ ባሏን ስታገባ ለእሑድ ምሳ ተስማምታለች። ለቅዳሜ ጠዋት ግን ቃል አልገባችም።

«ልጄ፣ ላንቺም ጃንጥላ አስቀምጬልሻለሁ» ይሏታል ባገኟት ቁጥር፣ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው።

ባለፈው ወር አንድ አስተማሪ ጫካው ውስጥ መንገድ ስቶ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነበር የተገኘው። ኮሚቴው ወዲያው ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው «ወደ ኋላ የሚቀሩ አባላት ጉዳይ» ይላል። ፋርማሲስቷ አጀንዳውን አነበበችና ቀረች። ሰው በገዛ እግሩ ሄዶ ይሰደባል? ምን እንደተወሰነም አልጠየቀችም።

በሦስተኛው ቅዳሜ መነሻው ላይ አንድ የማታውቀው ሰው አየች። ቦርጫም ነው። ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሷል፤ ጀርባው ላይ ባዶ ቦርሳ አንጠልጥሏል። ልቧ ዘለለ።

«ተመስገን» አለች በሆዷ። «እሱ ሲሰጥ ከነቦርጩ ነው።»

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ሰውየው ወደ አማቷ ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ። አማቷም በጆሮው አንድ ነገር አንሾካሾኩለት። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እሷን አዩ።

ሩጫው ተጀመረ። ለምልክት ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ዛፎች ጋ ሲደርሱ ሌሎቹ ከዓይን ጠፍተዋል። ከኋላዋ የሚሰማት የቦርጫሙ ኮቴ ብቻ ነው። ስትፈጥን ይፈጥናል፤ ስትዘገይ ይዘገያል። ዞር ባለች ቁጥር አንዱን ዛፍ ተጠግቶ ቆሟል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ትንፋሽ ሳያጥረው ይደርስባታል።

ትዕግሥቷ አልቆ ጠበቀችው።

«እለፈኝ እንጂ ወንድሜ!»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! አንቺ ቅደሚ።»

«ደክሞህ ነው በየዛፉ የምትቆመው?»

«እኔማ ምን ሮጥኩና?» አለ እየሳቀ። «ቀስ በይ እህቴ፣ ማን ያባርርሻል?»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት። ሰውየው ጉልበቱን እየቆጠበ ነው። መግቢያው ላይ፣ ሕዝብ ተሰልፎ እያየ፣ ሽው ብሎ ሊያልፋት ነው። አማቷ ሰው አሰማርተውባታል! ያ ጃንጥላ ባለቤት አጥቶ መክረሙ አንገብግቧቸዋል ማለት ነው።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ቀስት የተሳለበት ሰሌዳ ተተክሏል። ቀስቱ ወደ ቀኝ ያሳያል። የግራው መንገድ ድንጋይ መፍጫውን ዞሮ፣ እሾኹን አቋርጦ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ነው ሜዳው ላይ የሚያወጣው። ቦርጫሙ ገና ከኩርባው ወዲያ ነው።

ፋርማሲስቷ የሐኪም ማዘዣ ደጋግማ ሳታነብ አንዲት ፍሬ ኪኒን የማትሰጥ ጥንቁቅ ሴት ናት። ሰሌዳውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ግራ አዞረችው።

«ጠፍቶ አይቀር፤ ቢበዛ ቦርጩ ይቀንስለታል» አለችው ኅሊናዋን። ኅሊናዋም እሷኑ የመሰለ ነውና ተስማማ።

ከዚያ በኋላ ኮቴ አልተከተላትም። ከሩቅ፣ በግራ በኩል፣ ፊሽካ ደጋግሞ ሲነፋ ሰማች። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ ብላ አለፈች።

ሜዳው ላይ ስትደርስ ጭብጨባው ቀለጠ። እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ኧረ ቆዩ፣ ለእኔ አይደለም!» አለች እየሳቀች። «ገና ከኋላ ሰው አለ!»

ጭብጨባው ቆመ። ሊቀመንበሩ ወደ ጫካው አየ። አማቷ ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር ብድግ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ ብቻሽን ነው የመጣሽው?»

«ብቻዬን!» አለች ደረቷን ነፍታ። «ሰውዎ እዚያው ቀርቷል።»

አማቷ ጃንጥላቸውን ጨብጠው ወደ ጫካው አፈጠጡ። ሁሉም ቆሞ ጠበቀ፤ ሕግ ሕግ ነው። ፋርማሲስቷ ውኃ ጠጣች፣ እግሯን አፍታታች፣ ከሰልፉ ፊት ቦታ ያዘች። በሕይወቷ ሰው ለመቀበል እንዲህ ጓጉታ አታውቅም።

በመጨረሻ ቦርጫሙ ማንም ባልጠበቀው በግራ በኩል ብቅ አለ። ክንዱን እሾኽ ቧጭሮታል፤ ላብ እስከ ካልሲው ወርዷል። ፊሽካው ከአፉ አልወጣም። ከጀርባ ቦርሳው ውስጥ ቀይ ጨርቅ ተትረፍርፎ እንደ ጅራት ይጎተታል።

ማጨብጨብ የጀመረችው ፋርማሲስቷ ነበረች። መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች።

«አይዞህ!» አለችው በጎኗ ሲያልፍ። «ዋናው ተሳትፎው ነው!»

ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። መግቢያውን አልፎ በቀጥታ ወደ ዛፉ ሄደና አማቷ እግር ሥር ተንበረከከ።

«እትዬ፣ አደራዎን በላሁ» አለ እያለቀሰ። «የመጨረሻዋ ሯጭ ጠፋችብኝ።»