ለልደቱ የተሠራ ሹራብ

በወይንሸት ቤት ያሉት የቴሌቪዥኑ፣ የፍሪጁና የመስታወቱ ስክሪኖች ምስጢር አይቋጥሩም፤ እሷ በአንዱ ላይ ፈልጋ ያየችውን ዕቃ ሌሎቹ ወዲያው ለባሏ ለድንበሩ ያስተዋውቁታል። ስለዚህ ለልደቱ ያሰበችውን ሹራብ ተደብቃ በእጇ ሠራችው። ስክሪኖቹን ለማሳሳትም ወር ሙሉ በእነሱ ላይ የዓሣ መንጠቆ ስትፈልግ ከረመች።

በልደቱ ቀን ድንበሩ ሹራቡን ለበሰና ስጦታው የመጣበትን ፌስታል ደግሞ ይበረብር ጀመር።

«መንጠቆውስ?» አላት።

«የዓሣ ሽታ ያስታውክህ የለ እንዴ?»

«ድሮ ነዋ! ፍሪጁም መስታወቱም ዓሣ ማጥመድ ይስማማሃል ሲሉኝ ከርመው፣ እውነትም ወደድኩት። ለቅዳሜ የሐይቅ ጉዞ ይዣለሁ።»

ወይንሸት ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው።

«ቆይ፣ እኔንስ የወደድከኝ ራስህ ነህ?»

ድንበሩ ግራ ተጋብቶ ወደ መስታወቱ ሲዞር፣ አገጩን ይዛ ወደ ራሷ መለሰችው።

«እሱን አትጠይቀው!»