ሽሮ የነካው ወረቀት

የክር ፋብሪካው ፈታይ፣ ጣቷን ማሽን ቆርጧት ከሥራ ለተባረረችው ባልደረባቸው ሊመሰክሩ የተስማሙ የአሥራ አንድ ጓደኞቿን ፊርማ በምስጢር ሰበሰበች።

«ስማችን አለቃው እጅ ከገባ እንጀራችን ተቆረጠ። አደራሽን!» አሏት።

«አደራችሁን ብበላ ምድር አፏን ከፍታ ትዋጠኝ!» አለችና ለተባረረችው ጠበቃ ልታደርሰው፣ የበሩን ፍተሻ ለማለፍ ወረቀቱን ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ደበቀችው።

«ጠበቃውን ሽሮ ልታበዪው ነው?» ብለው ሳቁባት።

ከበሩ ውጪ ጉዳዩን የሰሙት የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ዘርጋው ብቻቸውን ቆመው ጠበቋት።

«አምጪው ልጄ፣ ለጠበቃችን እኔው በእጄ አደርስልሻለሁ።»

ሰጠቻቸው።

በችሎቱ ቀን የፋብሪካው ጠበቃ ተነሣና «አድመኞቹ እነዚህ ናቸው» ብሎ አንድ ወረቀት ከፍ አደረገ። ጠርዙን ሽሮ ነክቶታል።

ዞር ብላ ጋሽ ዘርጋውን አየቻቸው፤ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አሥራ አንዱ ሴቶች የሚያዩት ግን እሷን ነበር።