ጣቢያው ላይ የቆመችው

ባሏ ሳሎኑን በአሻንጉሊት ሐዲድ ከሞላው ወዲህ ሚስት የምታወራው ከግድግዳ ጋር ነው። ዛሬ ጥላው ልትሄድ ቆርጣለች፤ ቀይ ሻንጣዋንም እሱ ሳያይ እህቷ ቤት አስቀምጣለች። ልትወጣ ስትል ግን ትንሹ ባቡር ጣቢያ ላይ ጥፍር የምታህል ሴት ቆማ አየች። ቀይ ሻንጣ ይዛለች።

«ይቺን ደግሞ ምን አስበህ አቆምካት?»

«እናቴ ትሙት! እኔ ዛፎቹ ሳያልቁ ሰው አቁሜ አውቃለሁ?» አለ ቀና ሳይል፣ ቅርንጫፍ ላይ ሙጫ እየቀባ።

አውቆ የተኛን ማን ይቀሰቅሰዋል! እህቴ ናት የነገረችው ብላ ጠረጠረች። ወረንጦውን ከእጁ ነጥቃ ትንሿን ሴት ጎተተቻት። ንቅንቅ አላለችም።

«ተያት በቃ፤ ከቆመች ትቁም» አለ ባል።

ወረንጦውን ወርውራ ወደ በሩ ዞረች። ወገቧ ዞረ፤ እግሮቿ ግን ከወለሉ አልላቀቅ አሉ።