ውታፏ

እዚህ አርካንሳስ፣ ባለጀልባ ሁሉ አንድ ቀን ውታፉን ይረሳል። ከአልሙኒየሟ የአሳ ማጥመጃ ጀልባዬ በስተኋላ፣ ከታች፣ የዝናብ ውሃ የማፈስባት ቀዳዳ አለች፤ ሐይቅ ከመግባትህ በፊት ካልወተፍካት ትሰምጣለህ።

አምና ወንድሜ ደልመር መዶሻ ያጠቆረውን አውራ ጣቱን ወደ ኋላ ቀስሮ፣ “ሆይት፣ ወተፍካት?” አለኝ።

ዞሬም ሳላይ፣ “አዎ! ምን ያነዘንዝሃል?” አልኩት።

መሃል ሐይቅ ላይ ሰመጥን። እኔ ዋኝቼ ወጣሁ፤ እሱ ዋና አይችልም ነበር። ለሚስቱ ለሎሪን፣ “ራሱ ነው የረሳት” አልኳት።

ያቺኑ ጀልባ ከሐይቁ አስወጥቼ አስጠገንኳት፤ ዛሬ ጠዋት በእሷ ከሎሪን ጋር አሳ ልናጠምድ ወጣን። መሃል ሐይቅ ስንደርስ በምሬት ሳቀች።

“ያ ዝርክርክ ባሌ የረሳትን ውታፍ፣ አንተስ አልረሳሃትም?”

“እንደሱ መሰልኩሽ?”

ሲጋራ ፍለጋ እጄን ኪሴ ብከት ውታፏን ይዤ አወጣሁ። የጀልባዋ ወለል ግን ደረቅ ነው። ጎንበስ ብዬ ቀዳዳዋን አየሁ። ከውጭ በኩል አውራ ጣት ወትፏታል። ጥፍሩ ጥቁር ነው።

ሎሪን እጄ ላይ ያለችውን ውታፍ አየች። ሳቋ ጠፋ።

“ሆይት፣ አምናም የረሳሃት አንተ ነህ እንዴ?”

“የረሳት እሱ ነው” አልኳት።

ጣቱ ከቀዳዳዋ ወጣ።