የመሬት ፍቺ

በግንቦት መጀመሪያ፣ መሬት ሊደለደል ሳምንት ሲቀረው፣ ከገበሬ ማኅበሩ ደጅ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ገበሬና ሚስቱ ደብሪቱ ተቀምጠው ነበር። ፈት ሴት ለብቻዋ መሬት ይደርሳታል ስለተባለ ፍቺውን ያሰበው ባልየው ነው።

«ለስሙ ነው» አላት በጆሮዋ። «ድልድሉ ሲያልፍ ትመለሻለሽ።»

«እርስዎ ካሉ» አለች።

ሽማግሌዎቹ አፋቷቸው። ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ይዛ እናቷ ቤት ገባች።

በድልድሉ ለእሱ ድንጋያማ መሬት፣ ለደብሪቱ የወንዝ ዳር ጥቁር አፈር ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተው። ከበሩ ይወጣል፣ መንገዱን ያያል፣ ይመለሳል። ዝናቡ እየቀረበ ነው፤ በአንድ በሬ አይታረስም። እሷ አልመጣችም። በመጨረሻ ራሱ ሄደ።

«ምነው ቀረሽ? አገር ሳቀብኝ እኮ።»

«ይሳቅ። ዱላዎን ስቀምስ ማን አለቀሰ?»

«መሬቱንስ ማን ሊያርሰው ነው?» አላት።

«አንድ አንድ በሬ አለን፤ እናቀናጃቸው። ከፈለጉ እርስዎ በእኩል ይረሱት። ካልፈለጉ ጎረቤት ጠይቆኛል።»

በሰኔ አረሰው። ጥር ላይ ከአውድማው የእሷን እኩሌታ ተሸክሞ እናቷ ደጅ አደረሰ።