ስም የሌለው ናሙና

ኬሚስቱን በመሥሪያ ቤቱ «ሚዛን» ይሉታል። ከውጭ የሚመጣ የምግብ ግብዓት ሁሉ ገበያ ከመድረሱ በፊት ናሙናው በእሱ እጅ ያልፋል። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለማንም አድልቶ አያውቅም። ልሞክር ቢልም አይሆንለትም። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ ሠርጉ ላይ ከእናቱ ጎን የቆሙት፣ የአስመጪውን ስም በጥቁር ፕላስተር ሸፍነው ፋይሉን በቁጥር ብቻ ነው የሚልኩለት። አስመጪው እጅ ላይም ቁጥሩ ያለበት ትንሽ ደረሰኝ ትቀራለች።

ሰውየው ሥራው ላይ ሚዛን ይሁን እንጂ ቤቱ ሲገባ ሚዛን የለውም። ቀናተኛ ነው፤ ያውም የለየለት!

ሚስቱ የመድኃኒት ቤት ሥራዋን «ደከመኝ፣ ትንሽ ልረፍ» ብላ ከተወች አምስት ወሯ ነው። ታዲያ የምታርፍ ሴት በጠዋት ተነሥታ፣ ተኳኩላ ወዴት ትሄዳለች? ስልክ ሲደወልላትስ ለምን በረንዳ ትወጣለች? ማነው ሲላት «ሰው ነው» ትለዋለች። ሰው መሆኑንማ መች አጣው!

የወርቅ ሀብሏ ከአንገቷ የጠፋ ሰሞን የእሱም እንቅልፍ አብሮ ጠፋ።

«ሀብልሽስ?»

«አለ።»

«የት?»

«እህ! ፖሊስ ሆንክብኝ እኮ!» ብላ ሳቀችና ጉንጩን ሳመችው። መሳሟ ይባስ አንገበገበው።

ቅዳሜ ዕለት ተከተላት። መጋዘኖች የተደረደሩበት መንገድ ላይ አንድ ዘናጭ ሰው የመኪና በር ከፍቶ አወረዳት። ኬሚስቱ በመልክ ያውቀዋል፤ ለአስመጪዎች የጉምሩክ ወረቀት የሚያስጨርስ ትራንዚተር ነው። ከመምጣቱ በፊት ጠረኑ ስለሚመጣ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኞች «ሽቶ» ይሉታል። ሁለቱ አንዱ መጋዘን ገቡና አንድ ሰዓት ሙሉ ቆዩ። ኬሚስቱ ከጭነት መኪና ኋላ ፀሐይ እየጠበሰው ጠበቃቸው። ሲወጡ ይሳሳቃሉ። የጥቁር ቀሚሷ እጅጌ ነጭ ዱቄት ነክቶታል። ሽቶ በገዛ እጁ አራገፈላት።

ደሙ ፈላ። ቢሆንም ወጥቶ አልተናነቀም፤ እንዲያ ዓይነት ሰው አይደለም። ነገሩን ሆዱ ውስጥ ይዞ ቤቱ ገባ።

ማታ ራት ላይ፣ «ቀሚስሽን ምን ነካው?» አላት።

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እጁን ያዘችው። «ሐሙስ የምነግርህ ነገር አለ። አሁን ብነግርህ ይበላሻል። እስከዚያ አትጠይቀኝ፣ በእናትህ።»

ሐሙስ! በቃ፣ ልትሄድ ነው። ኬሚስቱ ሆዱ ባባ። በዚህ ዕድሜው ባዶ ቤት በር ከፍቶ ሲገባ ታየው። ይወዳታል፤ ችግሩ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለና ገላዋን ስትታጠብ ቦርሳዋን በረበረ። ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ ማስቲካ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ አንዲት ደረሰኝ። ናሙና ቁጥር 318።

ቁጥሩን ያውቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ተራ የሚጠብቅ፣ ውጤቱ እስከ ሐሙስ መውጣት ያለበት፣ የስምንት መቶ ጆንያ የስኳር ምትክ ማጣፈጫ ናሙና ነው። አሃ! ሽቶ የሰው ዕቃ ማስጨረሱን ትቶ ራሱ አስመጪ ሆኗላ! ደረሰኙን ሳይቀር እሷ ጋ ነው የሚያስቀምጠው። ነገ ደግሞ «እባክህ አሳልፍለት» ሊያስብላት ይሆናላ!

ሰኞ ጠዋት 318ን ከፈተ። ነጭ፣ ንጹሕ ዱቄት ነው። እርጥበቱን ለካ፤ ልክ ነው። ባዕድ ነገር ፈለገ፤ የለም። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። የጠላት ዕቃ እንዲህ ጥሩ ሆኖ ሲገኝ ያቃጥላል።

በመጨረሻ አንዲት ስህተት አገኘ። ማመልከቻው ዕቃው የምግብ ግብዓት ነው ይላል። የጆንያው ጽሑፍ ግን «ለምግብ ማሟያም ይሆናል» ብሏል። የምግብ ማሟያ ደግሞ ራሱን የቻለ ምዝገባ አለው። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ሁሉ «ይታረም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይመልሰዋል፤ አስመጪው አዲስ ጽሑፍ ለጥፎ በሳምንቱ ይመጣል። ከሥሩ ግን ሌላ ሣጥን አለ፤ «ይወገድ» ይላል። ሕጉ ሁለቱንም ለኬሚስቱ ትቶለታል። ከተፈረመ በኋላ ይግባኝ የለውም።

ያ እጅጌዋን ያራገፈ እጅ ትዝ አለው። «ይወገድ» ላይ ምልክት አደረገና ፈረመ።

ወረቀቱን ራሱ ይዞ መዝገብ ቤት ወረደ። እስቲ አሁን ይሳቅ!

ሴትዮዋ አነበቡና ቀና አሉ። «ለጽሑፍ ስህተት? ስምንት መቶ ጆንያ? አንተ እኮ እንዲህ አታደርግም ነበር።»

«ሕጉ ይፈቅዳል፣ እትዬ።»

«መፍቀዱንስ ይፈቅዳል» ብለው ማኅተሙን ረገጡበት። ፖስታው ላይ አድራሻ ሊጽፉ ከፋይሉ ላይ ጥቁሩን ፕላስተር ላጡት። ስሙን አነበቡ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡ።

«ልጄ» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «በፖስታ ልላክላት፣ ወይስ ማታ አንተው ለሚስትህ ትሰጣታለህ?»